መብራት ሲጠፋ የሚወድቁት ሐጂ፦ አንድ የአታክሲያ ጉዳይ ከጅማ

ይህን የአታክሲያ፣ ማለትም የሚዛንና የእንቅስቃሴ ቅንብር መፍረስ፣ ጉዳይ ልጽፈው የወሰንኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በሽታው የሚታከም ነበር። ሁለተኛ፣ ወደ መልሱ የሚያደርሰው ፍንጭ ከአንድ ዓመት በላይ ቤተሰቡ ውጤት በሚያስቀምጥበት ፌስታል ውስጥ ነበር። ስም፣ ሰፈርና የታከሙባቸው ቦታዎች ሆን ተብለው ተትተዋል። ቤተሰቡ እንዲጻፍ ፈቅዷል።

ዳራ

ታካሚው በ60ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ የቡና ነጋዴ ናቸው። የሚኖሩት ጅማ ነው፤ ቡና የሚገዙት ከአጋሮና ከሰቃ በኩል ነው። ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፤ እኔም እዚህ ሐጂ እላቸዋለሁ። መጠጥ በሕይወታቸው አልቀመሱም። ጫት ከተዉ ቆይተዋል።

ስኳር ከተገኘባቸው አሥር ዓመት አልፏል። ሜትፎርሚን 1000 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ። ስኳራቸው ደህና ነው፣ ክትትላቸውንም አያቋርጡም። ከዚህ ሌላ ጨጓራ አለባቸው። «የጨጓራ ባክቴሪያ» ተብሎ አንድ ጊዜ ታክመዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ኦሜፕራዞልን ራሳቸው ከፋርማሲ እየገዙ ለዓመታት ውጠዋል። ማንም አቁሙ አላላቸውም፤ እሳቸውም መድኃኒት ነው ብለው አልቆጠሩትም። ምን መድኃኒት ይወስዳሉ ሲባሉ የስኳሩን ብቻ ነው የሚናገሩት። ሥጋና ወተትም ትተዋል፣ «ይከብደኛል» ብለው። ሽሮ፣ ገንፎ፣ ጎመን፣ በቃ።

እኔ ጅማ ውስጥ የምሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ሐጂ ወደ እኔ የመጡት «አታክሲያ፣ የሚዛን እንቅስቃሴ ይሠራላቸው» የሚል ወረቀት ይዘው ነው።

ችግሩ

መጀመሪያ የእግር ጣቶቻቸው ደነዘዙ። ከዚያ መሬቱ ተለወጠባቸው። «ፍራሽ ላይ የምሄድ ነው የሚመስለኝ» ይላሉ።

ከእግሩ ጋር አብሮ፣ ማለት ይቻላል በዚያው ሰሞን፣ እጃቸውም ተነካ። ሐጂ ጆንያ ውስጥ እጃቸውን ከተው፣ ቡናውን ጨብጠው ለቀቅ እያደረጉ፣ በደንብ መድረቁን በመዳፋቸው የሚለዩ ሰው ነበሩ። ይህ ችሎታ ቀስ በቀስ ጠፋ። እሳቸው ግን ጥፋቱን ለቡናው ሰጡት። «የዘንድሮ ቡና ምኑም አይታወቅ» እያሉ ከአቅራቢዎቻቸው ጋር ተጨቃጨቁ። ይህን ታሪክ ቤተሰቡ ለሐኪም ነግሮ አያውቅም። የገበያ ጉዳይ እንጂ የጤና ጉዳይ አልመሰላቸውም።

ቀጥሎ መውደቅ መጣ። ለሱብሂ ሶላት በጨለማ ሲወጡ ይንገዳገዳሉ። ውዱእ ሲያደርጉ ፊታቸውን በውኃ እየታጠቡ ወደ ፊት ይደፋሉ። ቀን በፀሐይ ግን ሱቃቸው ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ። እግራቸውን ከፍ አድርገው እያነሱ መሬቱን መታ መታ ያደርጉታል፤ ዓይናቸው ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው። በዚህ አረማመድ የተነሳ ሰው ማውራት ጀመረ። «ሐጂ በስተርጅና መጠጥ ጀመሩ እንዴ?» የሚል ወሬ ቤት ድረስ ደረሰ። ከመውደቁ ይልቅ ይህ ወሬ ነው ከቤት እንዳይወጡ ያደረጋቸው።

እስከዚያ የተሞከረው

የመጀመሪያው መልስ «የስኳር ነው» የሚል ነበር። ስህተት ነው ማለት አይቻልም፤ ስኳር የእግር ነርቭ ይጎዳል፣ ለዚያውም በብዛት። ለሕመሙ ክኒን ተሰጣቸው። አልተለወጡም።

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከሐጂ አነጋገር ነው። ሐኪም ሲጠይቃቸው «ያዞረኛል» አሉ። የማዞር ክኒን ታዘዘ። እኛ አገር ያዞረኛል የማይባል ነገር የለም። ድካሙም፣ ረሃቡም፣ የደም ግፊቱም፣ መንገዳገዱም ማዞር ነው። ቤቱ ይሽከረከርብዎታል ወይ ተብለው ቢጠየቁ ኖሮ አይ ይሉ ነበር።

ሦስተኛው ውዱ ነው። ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው አዲስ አበባ ወስደው የጭንቅላት ኤምአርአይ አስነሷቸው። ውጤቱ ለዕድሜያቸው ጤናማ ነው የሚል ሆነ። ቤተሰቡ ዕጢ የለም ተብሎ ተደሰተ፤ ሐጂ ግን መውደቃቸውን ቀጠሉ።

በመሀል ደም ማነስ ተገኝቶ አይረንና ፎሊክ አሲድ ተሰጥቷቸዋል። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ። ዱዓም ተደርጎላቸዋል። አንድ የጎጃም ተወላጅ ጎረቤታቸው «ጓያ በልተው ይሆናል» ብለው ነበር። ጓያ እግርን ያደርቃል፣ ያስራል፤ የእግርን የስሜት ነርቭ ግን እንዲህ አያደነዝዝም። ግምታቸው ባይሰምርም «ምን ይበላሉ?» ብለው የጠየቁት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ሚዛን ከየት ይመጣል?

ሰው ሳይወድቅ እንዲሄድ አንጎሉ ከሦስት አቅጣጫ መረጃ ይፈልጋል። ዓይን አካባቢውን ያያል። የውስጥ ጆሮ የጭንቅላትን እንቅስቃሴ ይናገራል። ከእግር ጣት፣ ከቁርጭምጭሚትና ከጉልበት የሚነሱ ነርቮች ደግሞ እግሩ የት እንዳለ በህብለ ሰረሰር የኋላ ክፍል በኩል ወደ ላይ ይልካሉ። ይህን አቀናብሮ እንቅስቃሴውን የሚያስተካክለው ከጭንቅላት በስተኋላ ከታች ያለው ትንሹ አንጎል፣ ሴሬቤለም፣ ነው።

አታክሲያ የሚባለው ጡንቻው ጉልበት እያለው ይህ ቅንብር ሲፈርስ ነው። ስለዚህ የምልክት ስም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ወረቀት ላይ «አታክሲያ» ብሎ መጻፍ «ትኩሳት» ብሎ እንደመጻፍ ነው፤ ምክንያቱ ገና ይፈለጋል።

የሴሬቤለም አታክሲያ ያለበት ሰው ዓይኑ ክፍት ቢሆንም ይንገዳገዳል። እግሩን አራርቆ ይሄዳል። ንግግሩ ይጎተታል ወይም ይቆራረጣል፣ ዓይኑ ይርገበገባል፣ ብርጭቆ ሊያነሳ ሲል እጁ ዒላማውን ይስታል። ከሚያመጡት ነገሮች መካከል ለረጅም ጊዜ አልኮል መጠጣት፣ ስትሮክ፣ ዕጢ፣ የአንጎል ቲቢ፣ የታይሮይድ ማነስና ፌኒቶይን የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይገኙበታል። ፌኒቶይን ላይ ላፍታ መቆም ያስፈልጋል። መጠኑ በጥቂቱ ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው ክምችት ከተጠበቀው በላይ ሊዘል ይችላል። ትናንት ደህና የነበረ ሰው መጠኑ በተጨመረ በሳምንታት ውስጥ እንደ ሰከረ ሰው ሊሆን ይችላል። ልጆች ላይ ደግሞ ከጉድፍ በኋላ ለአጭር ጊዜ የሚመጣ አታክሲያ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይለቃል።

በዘር የሚመጡም አሉ። በጣም የታወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ኒኮላውስ ፍሬድራይክ በ1863 የገለጸው ነው። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ከመንገዳገድ ሌላ የጀርባ አጥንት መጣመም፣ የልብ ጡንቻ በሽታና ስኳር ሊያመጣ ይችላል። ተጠያቂው ጂን የታወቀው በ1996 ነው። ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ስለሚታይ ወላጆቹ ጤነኛ ሆነው ልጁ ሊታመም ይችላል። በአዋቂነት የሚጀምሩና ከአንዱ ወላጅ ብቻ የሚወረሱት ደግሞ ከ40 በላይ ዓይነት አላቸው።

የውስጥ ጆሮ ችግር ሲሆን ቤቱ ይሽከረከራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጭንቅላት ሲዞር ይብሳል።

ሦስተኛው የስሜት ነርቭ አታክሲያ ነው። እግሩ የት እንዳለ ለአንጎል የሚነግረው ጠፍቷል። ሰውየው የሚሄደው በዓይኑ ነው። ዓይኑን ሲጨፍን ወይም ሲጨልም ሚዛኑ አብሮ ይሄዳል። ስኳር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የቆየ ቂጥኝ፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች፣ ሌላው ቀርቶ ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ቢ6 ጭምር ሊያመጡት ይችላሉ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሐጂን «መቼ ነው የሚወድቁት?» አልኳቸው። «አላህ ሲለው» አሉኝ። ልጃቸው ሳቀችና «አባዬ መብራት ሲጠፋ ነው የሚወድቀው» አለች። ከዚያ ውዱእና ሱብሂን ጨመረች። በጅማ መብራት መጥፋት ብርቅ አይደለምና ምሳሌ አላጣችም።

ከዚህ በኋላ ያለው ምርመራ ውድ መሣሪያ አልጠየቀም። ንግግራቸው ጥርት ያለ ነው። ዓይናቸው አይርገበገብም። ዓይናቸውን ገልጠው አፍንጫቸውንና ጣቴን ሲነኩ አይስቱም፤ ሲጨፍኑ ጉንጫቸውን ነኩ። እግር ገጥመው ሲቆሙ ዓይናቸው ክፍት ከሆነ ጸንተው ይቆማሉ፤ ሲጨፍኑ ወዲያው ዘመሙ፣ ያዝኳቸው። ይህ ምርመራ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በበርሊን ይሠራ በነበረው በሞሪትዝ ሮምበርግ ስም ይጠራል። ዛሬም ነጻ ነው። የሚያስፈልገው ቢወድቁ የሚይዝ ሰው ብቻ ነው።

የእግር አውራ ጣታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሼ ወዴት ሄደ ስላቸው ገመቱ እንጂ አላወቁም። ቱኒንግ ፎርክ የሚባለውን የሚነዝር ብረት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሳኖር ምንም፣ ጉልበት ላይ ምንም፣ ዳሌ አጥንት ላይ ትንሽ።

የጉልበት ሪፍሌክሳቸው፣ ማለትም ጉልበት መታ ሲደረግ እግር በራሱ የሚዘልበት ምላሽ፣ ግን ከሚጠበቀው በላይ ሆነ። የውስጥ እግራቸው ሲጫር አውራ ጣታቸው ወደ ላይ ተቀሰረ። የስኳር ነርቭ ጉዳት ሪፍሌክስን ያጠፋል እንጂ አያጠነክርም። ይህ ምልክት ችግሩ እግር ላይ ብቻ እንዳልሆነ፣ ህብለ ሰረሰር መነካቱን ይናገራል። በስኳር ጉዳት ደግሞ እጅ የሚደነዝዘው ብዙውን ጊዜ የእግሩ ድንዛዜ ወደ ጉልበት ከወጣ በኋላ ነው። የሐጂ እጅና እግር የተነኩት ግን በአንድ ሰሞን ነበር። የቡናው ታሪክ እዚህ ላይ ነው ትርጉም ያገኘው።

ከዚያ ፌስታሉን ከፈትን። ሁለት የቆዩ የደም ምርመራዎች ነበሩ። ሄሞግሎቢን ትንሽ ዝቅ ብሏል። የቀይ ደም ሴል ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ የሚለካው ኤምሲቪ ግን በመጀመሪያው 101፣ በሁለተኛው 106 ነው። ጤናማው ከ100 በታች ነው። አይረን ያነሰው ሰው ሴሉ ያንሳል እንጂ አይተልቅም። ትልልቅ ሴል፣ የደነዘዘ እጅና እግር፣ ሜትፎርሚን፣ ኦሜፕራዞል፣ ሥጋና ወተት የሌለበት ገበታ፦ አንድ ላይ ሲነበቡ ቢ12ን ይጠቁማሉ።

ግኝቱን ጽፌ ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም መለስኳቸው። ሐኪሙ ቢ12፣ ታይሮይድ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና ኩላሊት አዘዙ። የቢ12 ናሙና አዲስ አበባ መላክ ነበረበት። ሐኪሙ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ውጤቱን ሳይጠብቁ መርፌ ጀመሩ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መርፌው ቀድሞ ቢሰጥ ውጤቱ ይዛባል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ቢጠበቅ ደግሞ ነርቭ ይጎዳል። ውጤቱ 118 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ሆነ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ከ200 በታችን እጥረት ይሉታል። ሌላው ሁሉ ደህና ነበር።

የአንገት ኤምአርአይ ይነሱ ወይ የሚል ጥያቄም ተነስቶ ነበር፤ የአንገት አጥንት ህብለ ሰረሰርን ሲጫንም ተመሳሳይ ምልክት ያመጣልና። ቤተሰቡ ገንዘቡን የጭንቅላቱ ላይ ጨርሷል። ሐኪሙ ሕክምናው በጥቂት ወራት ለውጥ ካላመጣ ብቻ ይነሳል ብለው ወሰኑ። አላስፈለገም።

ሕክምናውና ውጤቱ

መርፌው 1000 ማይክሮግራም ቢ12 ነው፤ በጡንቻ ይወጋል። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ለአንድ ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ። ሜትፎርሚኑ ቀጠለ፣ ስኳራቸውን የያዘው እሱ ነውና። ኦሜፕራዞሉ ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ ቆመ። ጨጓራቸው ለጥቂት ሳምንታት አጉረመረመ፣ ከዚያ ተወ። እንቁላልና ወተት ተመለሱ፣ ሥጋም በትንሹ።

ቢ12 ብቻውን ያለበትን መርፌ ለማግኘት ልጃቸው ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞራለች። በብዛት የቀረበላት ከቢ1 እና ከቢ6 ጋር የተቀላቀለው ነው። ለአጭር ጊዜ ችግር የለውም። ግን ለዓመታት የሚወጋ ሰው ብዙ ቢ6 እንዳያከማች መጠንቀቅ አለበት፤ ነርቭ ሊያድን የገባው ቫይታሚን ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

በእኔ በኩል የተሠራው ስዊዘርላንዳዊው ሃይንሪክ ፍሬንክል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያዘጋጀው ልምምድ ነው። በጊዜው የታሰበው ቂጥኝ ህብለ ሰረሰራቸውን ለጎዳባቸው ሰዎች ነበር። ዘዴው ቀላል ነው። ታካሚው እግሩን በዓይኑ እየተከተለ፣ በዝግታ፣ መጀመሪያ ተኝቶ፣ ከዚያ ተቀምጦ፣ ከዚያ ቆሞ ምልክት ያለበት ቦታ ላይ ያሳርፋል። የጠፋውን ስሜት ዓይን እንዲተካ ያሠለጥናል።

ያልሠሩም ነገሮች ነበሩ። ስፖንጅ ላይ ዓይን ጨፍኖ መቆም ሐጂን ከማስፈራት ሌላ ምንም አልጠቀመም፤ ተውነው። ወንድ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ያመጣላቸው ወፍራምና ለስላሳ ሶል ያለው ስኒከር ጭራሽ አባሰባቸው። እግር ከመሬት የሚያገኘው ጥቂት መረጃም ሶሉ ውስጥ ቀረ። ቀጭን፣ ጠንካራ ሶል ያለው፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ተሻለ። ነጠላ ጫማ በጅማ ጭቃ የማይታሰብ ነው። ምርኩዝ መጀመሪያ ላይ «ሽማግሌ ታደርጉኛላችሁ» ብለው እምቢ አሉ። ሴት ልጃቸው «አባዬ፣ ምርኩዝ የያዘ ሰው ሰከረ አይባልም» ስትላቸው ያዙት።

ቤት ውስጥ የተደረገው ከሁሉም ርካሽ ነው። ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ድረስ በባትሪ የሚሠሩ መብራቶች ተቀመጡ። ውዱእ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሆነ። ሶላት ወንበር ላይ እንዲሆን ኢማሙ ነገሯቸው። እግራቸው ስለማይሰማው ማታ ማታ ልጃቸው ቁስል ካለ ታያለች፤ የከሰል ምድጃውም ከመተላለፊያው ተነሳ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድካሙ ለቀቃቸው። ውርር የሚያደርገው ስሜት ግን ለጊዜው ጨመረ። ይህ ስለሚያጋጥም አስቀድሞ መናገር ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ ታካሚው መርፌው ጎዳኝ ብሎ ያቆማል። ሦስት ወር ገደማ ላይ ቀን ቀን ያለ ምርኩዝ መሄድ ቻሉ። በስድስት ወር ኤምሲቪው ከ100 በታች ወርዷል፤ የአውራ ጣታቸውን አቅጣጫ በአብዛኛው ይለያሉ። የንዝረት ስሜቱ ቁርጭምጭሚት ላይ አልተመለሰም። በጨለማ አሁንም መብራት ይዘው ነው የሚወጡት። የመዳፋቸው ስሜትም በከፊል ነው የተመለሰው፤ ለቡናው የእርጥበት መለኪያ ገዝተዋል። መሣሪያውን ግን አያምኑትም።

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰድ

ለሚንገዳገድ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ መቼና የት ይወድቃል የሚለው ነው። በጨለማና ፊት ሲታጠብ ከሆነ ስሜት ነርቩን ፈልጉ። በብርሃንም ከሆነ፣ ንግግሩም ከተጎተተ፣ ሴሬቤለሙን። ቤቱ ከተሽከረከረ ጆሮውን። መልሱን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ታካሚው ሳይሆን አብሮት የሚኖረው ነው።

የጭንቅላት ኤምአርአይ ጭንቅላትን ነው የሚያሳየው። ጤናማ መሆኑ ሕመም የለም ማለት አይደለም። ከአካል ምርመራ በፊት ቢታዘዝ እንዲህ ገንዘብ ይበላል።

ሜትፎርሚን በአንጀት መጨረሻ አካባቢ ቢ12 እንዳይገባ ያውካል። ኦሜፕራዞል ደግሞ ቢ12ን ከምግብ የሚፈታውን አሲድ ይቀንሳል። ጉበት ውስጥ ያለው ክምችት ለዓመታት ስለሚበቃ ጉዳቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣ፤ ሰውም ከመድኃኒቱ ጋር አያገናኘውም። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2022 የቢ12 መቀነስን ከሜትፎርሚን የተለመዱ የጎንዮሽ ጉዳቶች አንዱ አድርጎ ሐኪሞችን አሳስቧል። ለዓመታት ሜትፎርሚን የወሰደና እጅ እግሩ የሚደነዝዝ ሰው፣ በተለይ የጨጓራ ክኒን የሚውጥ ወይም ሥጋና ወተት የማይቀምስ ከሆነ፣ «የስኳር ነው» ከመባሉ በፊት ቢ12 ሊለካ ይገባል። ሕክምና ክፍል ሲሄድ ከፋርማሲ በራሱ የሚገዛውንም ክኒን ይዞ ይሂድ።

ወደ ፎሊክ አሲዱ እመለሳለሁ ያልኩት ለዚህ ነው። ቢ12 ለጎደለው ሰው ፎሊክ አሲድ ብቻውን ሲሰጥ የደም ማነሱ ሊሻሻል ይችላል፣ የነርቭ ጉዳቱ ግን ይቀጥላል። ደሙ ተሻለ ተብሎ ፍለጋው ይቆማል። ኤምሲቪ ከፍ ያለበት ሰው ፎሊክ ከመጀመሩ በፊት ቢ12ው ይታይ። በተቃራኒው ኤምሲቪ ጤናማ መሆኑ ቢ12 አልጎደለም አያሰኝም፤ አይረንም አብሮ ከጎደለ አንዱ ሌላውን ሸፍኖ ሴሉ መደበኛ ሊመስል ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቀስ ብሎ ለመጣ አታክሲያ ነው። ድንገት የጀመረ መንገዳገድ፣ በተለይ ከኃይለኛ ራስ ምታት፣ ከትውከት፣ ከንግግር መተሳሰር ወይም ሁለት ሁለት ከማየት ጋር፣ የሴሬቤለም ስትሮክ ወይም ደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል። ያበጠው ሴሬቤለም አጠገቡ ያለውን፣ ትንፋሽን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ግንድ ይጫናል። ያኔ ቀጠሮ የለም፣ የማዞር ክኒንም የለም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ፣ የጭንቅላት ምስልም ቶሎ መነሳት ያስፈልጋል።